የሙሌ ግራ ጉንጭ

ሙሌ የሚለውን ስም ያወጡለት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ናቸው። ከግራ ጉንጩ ጀምሮ እስከ አንገቱ የሚወርደው እብጠት ፊቱን በአንድ ወገን ሙሉ ስላደረገው፣ መጀመሪያ «ጉንጨ ሙሉ» አሉት። ልጆች ደግሞ ነገር ማሳጠር ይወዳሉና ውሎ አድሮ ሙሌ ሆነ። አዲስ የሚተዋወቀው ሰው ከረዥም ስም የተቆረጠ የቁልምጫ ስም ይመስለዋል፤ እሱም አያርምም። ለስድብ የወጣው ስም በሰው አፍ ሲመላለስ እንደ አሮጌ ሸሚዝ ለሰለሰና፣ በኋላ ሚስቱ እንኳ ሌላ ስም ያለው እስከማይመስላት ድረስ በዚሁ ትጠራው ጀመር።

ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ሕንፃው ቆሞ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ ቧንቧና መብራቱ ካለቀ በኋላ ይገባል። ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ውሃ ልኩን አጠገቡ አጋድሞ፣ አንዷን ንጣፍ ከሌላዋ እያጋጠመ በጎማ መዶሻ ቀስ እያለ ይመታል። ድምፁን ሰምቶ ከሥሯ ባዶ መሆኗን ካወቀ አንስቶ እንደገና ያስቀምጣታል። ሲናገር የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። አሠሪዎቹ ሲያመሰግኑት «አንገት ደፊ ሰው ነው» ይሉታል፤ ቃሉ ለእሱ ምን ትርጉም እንዳለው ግን አያውቁም። ምክንያቱም ጉንጩ የሚያስቸግረው አንገቱን ሲደፋ ነበር።

ቆሞ ሲሄድ እብጠቱ ይረጋጋል። በጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ገባ ብሎ ቀስ እያለ ይመለሳል። ሲጎነበስ ወይም ሲጋደም ግን ደም ይሞላና ይከብዳል፣ ቆዳው ሰማያዊ ይሆናል፣ ጆሮው ሥር ልብ የተተከለ ይመስል ይመታበታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ትራስ ደራርቦ ይተኛል፤ ሥራ ላይም በየመሃሉ ተነሥቶ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ይቆማል። ለብዙ ዓመት አብሮት ከሕንፃ ሕንፃ የዞረው ቀለም ቀቢ መሰላሉ ላይ ሆኖ ይህን ባየ ቁጥር፣ «ሙሌ ታንከሩን ሊያጎድል ቆመ» ይላል። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ያስቀይም ነበር። ከቀለም ቀቢው ሲሆን ግን ሰላምታ ነው።

ሲወለድ ከጆሮው ሥር አንዲት ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ነበረች። ሲያድግ ትጠፋለች ተብሎ ለእናቱ ተነገራት፤ እሱ ሲያድግ ግን ነጠብጣቧም አብራው አደገች። ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ አንድ ቀን ጉንጩ ቀልቶ ሲያተኩሰው፣ እናቱ ሰፈር ውስጥ ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ወሰደችው። መርፌ የሚወጋው ሰውዬ ዳሰሰና «መግል ይዟል» አለ፤ ምላጭ አምጥቶም በጣው። የወጣው መግል አልነበረም። አብራቸው የሄደችው ታላቅ እህቱ ያኔ ገና ልጅ ነበረች፤ ሻሿን ከራሷ ፈትታ ጉንጩ ላይ ደፍና፣ ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ በሁለት እጇ ተጭና ያዘች። ተረፈ። ጠባሳው ግን ጉንጩ ላይ፣ ፍርሃቱ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ቀረ። እናትየው ከዚያ በኋላ የነጭ ጋውን ጫፍ ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር። ልትሞት ስትልም ሁለቱንም ልጆቿን አስጠርታ፣ «አደራ፣ ስለት እንዳታስነኩት» አለች። አደራውን የተቀበለችው እህቱ ናት። ሙሌ እትዬ ይላታል፤ ከእናታቸው በኋላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ ቃሏን ከእናቱ ቃል ለይቶ አያየውም።

ሚስቱን ያገኛት አንድ ሆቴል ምድር ቤት ነው። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ወለል ሊያነጥፍ ገብቶ፣ እሷ ደግሞ እዚያው አንሶላ እያጠበችና እየተኮሰች ትሠራ ነበር። ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ያፈጣል፣ ወይ ደግሞ እንዳላየ ለመምሰል ግድግዳውን ያያል። እሷ ግን የእርጥብ አንሶላ ክምር ታቅፋ አጠገቡ ቆመችና፣ «ያማል?» አለችው።

«ስጎነበስ።»

«ታዲያ ለምን የሚያስጎነብስ ሥራ ያዝክ?»

እስከዚያን ቀን ድረስ ማንም ያልጠየቀው፣ እሱም ራሱን ያልጠየቀው ነገር ነበር። በሳምንቱ የመተኮሻውን ጠረጴዛ እግር ሳይጠየቅ አስተካከለላት፤ ነገሩ ከዚያ ቀጠለ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር ጉንጩ ባሕርዩን ለወጠ። ውስጡ እንደ ጠጠር የሚቆረቁሩ ነገሮች አበጀ፤ ጠዋት ሲነሳ ምላሱ ይከብደዋል፤ ሲተኛ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሚስቱን ይቀሰቅሳታል። እሷ «ሐኪም ይይህ» ስትል እሱ «ያልፋል» ይላል። ሁለቱም አንዳቸው የሌላቸውን መልስ ስለሚያውቁት ንግግሩ እያጠረ መጣ።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት፣ አንድ አፓርታማ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነጭ ሴራሚክ እያነጠፈ ነው። እርሳሱን እንደ ልማዱ በጥርሱ ነክሶ፣ በር ሥር ያለችውን ጥግ ለመለካት ወደፊት ሲዘረጋ ጉልበቱ እርጥብ ኮላ ላይ አዳለጠውና በፊቱ ተደፋ። እርሳሱ ጉንጩን ከውስጥ ወጋው። ሕመሙ ይህን ያህል አልነበረም፤ ደሙ ግን ነጩን ወለል እየሸፈነ፣ በመገጣጠሚያዎቹ መስመር እየተከተለ ሲሄድ አየ። ቀለም ቀቢው ከመሰላሉ ወርዶ ንጹሕ ጨርቅ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀና «ንከስ፣ አትናገር» አለው። ሙሌ መናገር የማይወድ ሰው መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀው። በዕቃ መጫኛ መኪና ሆስፒታል አደረሱት። ተጭነው፣ ሰፍተው ደሙን አቆሙለት። ሊሸኙት ሲሉ ተረኛው ሐኪም የአንገትና የፊት ቀዶ ሕክምና ወደምትሠራ ሐኪም መራው።

ሐኪሟ ፀጉሯን ሳትቀባ ሽበቷን እንዳለ የተወች፣ ድምፀ ቀጭን ሴት ነች። ጉንጩን ከውጭም ከውስጥም ዳሰሰች። «ጎንበስ በል» አለችው፤ ጎነበሰ። ሲሞላ በዐይኗ አየችና «ቀና በል» አለች። አንገቱን ኤምአርአይ በሚሉት የሚጮህ ትልቅ ማሽን ውስጥ አስነሥታ፣ ፊልሙ ሲመጣ ሚስቱንም አስቀምጣ አሳየቻቸው። ከጆሮው ሥር እስከ ምላሱ ሥር ድረስ ነጭ የወይን ዘለላ የመሰለ ነገር ተጠምጥሟል።

«ካንሰር አይደለም፤ ዕጢም አይደለም» አለች። «ደም ከልብ የሚያወጣው ሥር ደም ቅዳ ይባላል፤ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ። ያንተ ደም መልሶች እዚህ ቦታ ላይ ሲሠሩ ነው የተበላሹት፤ ሳትወለድ። ግድግዳቸው ሳስቶ፣ ሰፍተው፣ እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። ደሙ ይገባል፣ መውጫው ግን ይጠፋዋል።»

ሙሌ ተዳፋት የሌለው ወለል ታየው፤ ውሃው ወደ ማፍሰሻው ሳይሄድ ጥግ ላይ የሚያቁርበት።

«እናቴ ያደረገችው ነገር ኖሮ ነው?» አለ።

«ማንም ያደረገው ነገር አይደለም።»

«የበላችው ነገር... ወይም ወድቃ...»

«ማንም» አለች ሐኪሟ ረጋ ብላ። ይህን መስማት የነበረባት ሴትዮ ከሞተች ቆይታለች። ሙሌ አንገቱን ነቀነቀና ለትንሽ ጊዜ ፊልሙን እንጂ ሰው ማየት አልቻለም።

ሐኪሟ ቀጠለች። መጀመሪያ በተለያየ ቀን፣ አስተኝተውት፣ ሥሮቹን ከውስጥ የሚያደርቅ መድኃኒት በመርፌ ትሰጣለች። እብጠቱ ሲሰበሰብና ሲጠነክርላት ደግሞ ትከፍታለች። ዝም ቢባል ወደ ጉሮሮው እየገፋ ስለሆነ አንድ ቀን ትንፋሹን ይይዘዋል። ቢሠራ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ልክ በዚያ ዘለላ መሃል ነው የሚያልፈው። «እሱን ላለመንካት የምችለውን አደርጋለሁ። ነገር ግን ከንፈርህ በዚህ በኩል ለጊዜው ሊሰንፍ ይችላል፤ ጨርሶ ላይመለስም ይችላል። ሌላው፣ ሁሉንም አላወጣም። ሁሉንም ነቅዬ አወጣልሃለሁ የሚል ሐኪም ካጋጠመህ ሳትሰናበተው ውጣ።»

ሚስቱ ሳቀች። ሙሌ አልሳቀም። ይህችን ሴት ያመናት ግን በዚያች ደቂቃ ነው።

በማግሥቱ ለቀለም ቀቢው ሲያወራው ሰውየው ብሩሹን አንጠልጥሎ አዳመጠና፣ «እና ያንተ ደም እስካሁን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሲጫወት ነው የኖረው በለኛ» አለው። ሙሌ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጉንጩም ሞላ።

የከበደው እትዬ ነበረች። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው የምትኖረው፤ በአውቶቡስ መጣች፣ መቀመጫ ላይ ሳትደላደል በፊት ሰማች። ሚስቱ ፊልሙን ልታሳያት ስታወጣ በእጇ መለሰቻት።

«እኔ ፎቶ አልፈልግም። በዐይኔ አይቼዋለሁ» አለች። «ሻሹን ስጨምቀው ነበር፤ እየጨመቅኩ መልሼ እደፍነው ነበር። አንቺ ያኔ የት ነበርሽ?»

«አልተወለድኩም እትዬ» አለች ሚስቱ።

«እንግዲያው ዝም በይ።»

ሚስቱ ግን ዝም አላለችም። «ሲተኛ ትንፋሹ ሲቋረጥ የማዳምጠው ደግሞ እኔ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ይቆማል፤ እጠብቃለሁ። እንደገና ይመጣል፤ እተኛለሁ። እርስዎ ደሙን አይተዋል። ይህን ደግሞ እኔ ሰምቻለሁ።»

ሙሌ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ፣ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ምንጣፉን ያያል። እትዬ ወደሱ ዞረች። «አንተስ? አፍ የለህም?»

«እፈራለሁ» አለ። «ባሠራውም እፈራለሁ፣ ብተወውም እፈራለሁ። የእማዬ አደራ አለብን። ግን እትዬ፣ እማዬ የፈራችው ያን ሰውዬ ነው። የማያውቀውን ነገር የበጣውን። ይህችኛዋ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች።»

ይህን ያህል በአንዴ ሲናገር እትዬ ሰምታው አታውቅም። ስትሄድ በር ላይ ቆማ፣ «ቀጠሮህ መቼ ነው? እኔም እመጣለሁ» ብቻ አለች።

መጣችም። ሐኪሟ ፊት ለፊት ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ደሙን በምን ታቆሚዋለሽ?»

ሐኪሟ ሰዓቷን አላየችም። መድኃኒቱ አስቀድሞ ሥሮቹን እንዴት እንደሚያረጋቸው፣ ሲከፈት የሚያግዝ ሌላ ሐኪም እንደሚኖር፣ እያንዳንዱን ሥር ሳይቆረጥ በፊት እንዴት እንደምታስረው፣ ሊተካለት የሚችል ደም አስቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ አንድ በአንድ ነገረቻት። እትዬ እያስደገመች አዳመጠች። በመጨረሻ፣ «ደሙን ከእኔ ውሰጂ» አለች። ዕድሜዋና የደም ግፊቷ አልፈቀዱላትም። በዚህ በጣም ተከፋች።

በእሷ ፋንታ ከሥራ ቦታ ሰዎች መጡ። ቧንቧ ሠራተኛው ሰጠ፣ ፎርማኑ ሰጠ። ቀለም ቀቢውም ሲቀልድና ሲያስቅ ቆይቶ፣ መርፌው ክንዱን ሲነካው ጊዜ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ከሦስተኛ ፎቅ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚቀባ ሰው ነው። ነርሷ እግሩን ከፍ አድርጋ ስትይዝለት ዐይኑን ገለጠና፣ «ለማንም እንዳትነግሩ» አለ። ከእሱ በፊት ፎርማኑ ሥራ ቦታ ደርሶ አዳርሶት ነበር።

የመርፌው ጊዜ ሙሌ ከጠበቀው ይልቅ ከባድ ሆነ። ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ ጉንጩ ከመቀነስ ይልቅ ያብጥና ይጠነክራል፣ ዐይኑ እስኪጠብብ ድረስ። ይህ እንደሚሆን ሐኪሟ ነግራው ነበር፤ ግን መነገርና መስተዋት ማየት ይለያያል። ከቤት መውጣት ተወ። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ሾርባ በማንኪያ እየሰጠችው፣ «አሁን እውነተኛ ሙሌ ሆንክ፤ እስከዛሬ ግማሽ ነበርክ» ትለዋለች። በሳምንታት ውስጥ እብጠቱ ሟሸሸ፤ ውስጡ ጠጠር እንደሞላ ቦርሳ ሆነ። አንድ ቀን የወደቀ ቁልፍ ለማንሣት ሲጎነበስ፣ ጉንጩ እንደ ድሮው ሳይሞላ ቀረ። ሙሌ ቁልፉን አንሥቶ መልሶ መሬት ላይ ጣለውና እንደገና ጎነበሰ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ደረሰ። ጠዋት ሲወስዱት ሁለቱ ሴቶች አልጋውን ከግራና ከቀኝ ይዘው እስከ በሩ ተከተሉት። እትዬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሚስቱ የጋውኑን ገመድ ደግማ ደጋግማ ታስራለች። እሱ የሚያስታውሰው የቀዶ ክፍሉን ወለል ነው። በተሽከርካሪው አልጋ ሲገባ ወደ ጎን ዞር ብሎ አየው። ጥግ ላይ አንዷ ንጣፍ ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ብላለች። «ማን ነው ይህን የሠራው?» ሊል ሲል፣ ከራስጌው ያለው ሰውዬ ጭምብል ፊቱ ላይ አደረገለት።

እነሱ ውጭ ጠበቁ። ፀሐይ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት እስክትዞር ድረስ። እትዬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ትነሳለች። ሚስቱ ኋላ ስትነግረው፣ «ሁለታችንም ያን ቀን ታረቅን፤ ምንም ሳንባባል» አለችው።

ሲነቃ አንገቱ ላይ ቀጭን ቱቦ ነበር፤ ከጆሮው ፊት ተነሥቶ ወደ አንገቱ የሚወርድ ረዥም ስፌትም። ሐኪሟ መጥታ «ፈገግ በል» አለችው። ፈገግ ያለ መሰለው። በሚስቱ ፊት ላይ ግን እንዳላለ አነበበ። የቀኙ ሄደ፤ የግራው ቀረ።

«ነርቩ አልተቆረጠም» አለች ሐኪሟ። «ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እያየሁ ነው ያለፍኳቸው። ግን ተነክተዋል፣ ተስበዋል፤ ደክመዋል። ወራት ይፈልጋሉ። የታችኛው ቅርንጫፍ ምናልባት እንደ ድሮው አይሆንልህም። ይህን አሁኑኑ ብታውቀው ይሻላል።»

ቀጥሎ የመጡት ወራት ሐኪም የማያያቸው ዓይነት ናቸው። ውሃ ሲጠጣ በግራ በኩል ይፈስበታል። ከንፈር የሚገጥምበት ቃል ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ «በር» ሲል «ኧር» ይሆናል። የግራ ዐይኑ ሲተኛ በደንብ አይከደንም፣ በቅባት ነው የሚያድረው። በየቀኑ መስተዋት ፊት ተቀምጦ ጉንጩን መንፋት፣ ማፏጨት፣ ጥርሱን ማሳየት ታዟል። ዕድሜ ልኩን መስተዋት የሚያየው ለጢሙ ብቻ፣ ያውም በቀኝ በኩል ነበር። አሁን ፊት ለፊት ተቀምጦ ራሱን ማየት ግዴታ ሆነበት። የጉንጭ አጥንት እንዳለው አወቀ። አገጩ ሹል መሆኑን አወቀ። አንድ ቀን እያፏጨ፣ መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው እትዬን እንደሚመስል አየና ማፏጨቱን አቆመ። ሰው ሁሉ «ወንድምሽ ነው?» ብሎ ሲገረም የኖረው ለካ አለምክንያት አልነበረም፤ መመሳሰላቸው እብጠቱ ሥር ተቀብሮ ነበር።

ሚስቱም የራሷ ችግር ነበረባት፤ ሸሽጋ አታውቅምና አልሸሸገችውም። አንድ እሁድ ልብስ እያጣጠፈች፣ «ልናገር?» አለችው። «ደስ ብሎኛል። ትንፋሽህ አይቋረጥም፤ እኔም እንቅልፍ እተኛለሁ። ግን አንዳንዴ ከበር ስትገባ ሌላ ሰው ቤቴ የገባ ይመስለኛል። ድንገት ነው የምደነግጠው። ያን ጉንጭ እወደው ነበር መሰለኝ።»

«እኔም ይጎድለኛል» አለ ሙሌ፣ ቃላቱን እየለቀመ።

እውነቱን ነበር። አውቶቡስ ላይ አሁን ማንም አያየውም። ይህን ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው ኖሯል፤ ሲያገኘው ግን ራሱ የጠፋ መሰለው። አሁንም ግን ግራ ጉንጩን ወደ መስኮቱ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። የሰፈሩ ባለሱቅ እንደ እንግዳ «ምን ልታዘዝ?» ሲለው፣ ማንነቱን ከማስረዳት ይልቅ ዳቦውን ገዝቶ ወጣ። ሚስቱ ሰምታ ለሁለት ቀን ሳቀችበት።

ከዚህ ሁሉ የገረመው ግን ሥራ ቦታ ያጋጠመው ነው። ሲመለስ ፎርማኑ ጠርቶ፣ «እንግዲህ አሁን ከመንበርከክ ውጣ። ከባለቤቶቹ ጋር እየተነጋገርክ የንጣፉን ሥራ በሙሉ አንተ ምራ። ድሮም ልሰጥህ ነበር፤ በፊትህ ምክንያት ሰው ማነጋገር የምትፈልግ አልመሰለኝም» አለው። ሙሌም እንደዚያ ሲያስብ ኖሯል። ዝም የሚለው፣ ስብሰባ የሚጠላው፣ ሠርግ ላይ ጥግ የሚይዘው በጉንጩ የተነሳ እንደሆነ አንድም ቀን አልተጠራጠረም። እሺ ብሎ ጀመረ። ከባለቤቶች ጋር ቆሞ ስለ ቀለምና ስለ መጠን ማውራት፣ ማስረዳት፣ መከራከር፣ እንደገና ማስረዳት። ወር ሳይሞላ ተሰላቸ። አፉ ቢጣመምም ያን ያህል አላስቸገረውም፤ ሰዎቹም አልናቁትም። በቃ አልወደደውም። አንድ ከሰዓት፣ አንዲት ባለቤት ስለ መታጠቢያ ቤቷ ያለማቋረጥ ስታወራለት፣ እሱ ባዶውን ወለል እያየ መንበርከክ አማረው። ያኔ ነው የገባው። አንገት ደፊነቱን ጉንጩ አልሰጠውም። የራሱ ነው።

ይህን ለፎርማኑ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። «ሰውዬ፣ ከፍ ላድርግህ ስልህ ወደ መሬት የምትወርድ!» አለው። ቀለም ቀቢው ግን ሲሰማ ትከሻውን ነቀነቀና፣ «እኔ ድሮም አውቅ ነበር። ብትጠይቀኝ ቀዶ ሕክምናውን አስቀርልህ ነበር» አለው።

መታወቂያውን ሊያሳድስ የሄደ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠመው። ጸሐፊዋ አሮጌውን ፎቶ አየች፣ እሱን አየች፣ መልሳ ፎቶውን አየች።

«ይህ ሰውዬ እርስዎ አይደሉም» አለች።

«ነኝ። ታክሜ ነው።»

«ልዩ ምልክት በሚለው ላይ፣ ግራ ጉንጭ እብጠት ይላል።»

«እሱ ነው የወጣው።»

ጸሐፊዋ ግራ ገባትና የሚያውቁት ሰዎች ይዞ እንዲመጣ አዘዘችው። በሌላ ቀን ሚስቱንና እትዬን ይዞ ሄደ። ሚስቱ «ባሌ ነው» ብላ ፈረመች። እትዬ ግን ወረቀቱን ከመንካቷ በፊት ጠረጴዛው ላይ ተደገፈችና፣ «የኔ ልጅ፣ እኔን ደህና አድርገሽ እይኝ» አለች። «አሁን እሱን እይው።»

ጸሐፊዋ ሁለቱን አፈራረቀች። «መንታ ናችሁ?» አለች።

እትዬ በአሥር ዓመት የምትበልጠው ናት። መንገዱን ሙሉ ይህን እያነሣች ስትስቅ ነው የሄደችው። ሚስቱ «የተመሰገኑት እርስዎ ነዎት፣ የተሰደበው እሱ ነው» ስትላት የባሰ ሳቀች። ሙሌ ያን ያህል ስትስቅ አይቷት አያውቅም፤ አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብሎ ያያት ነበር።

የላይኛው ከንፈሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ዐይኑም ተከደነ። የታችኛው ጥግ ግን ሐኪሟ እንዳለችው አልተነሣም። ሲስቅ አፉ ወደ ቀኝ ያደላል፤ የማያውቀው ሰው የሚያሾፍ ይመስለዋል። ከምላሱ ሥር ሐኪሟ ያላወጣቻትም ቁራጭ ቀርታለች፤ ሲጎነበስ ትንሽ ሞላ ስትል ትሰማዋለች፤ ስታስቸግር በመርፌ ያደርቁለታል። ያለ እሷ መኖርን አያውቅም፤ እንዳለች ማወቁም አያስከፋውም።

በዓመቱ ለምርመራ ሲሄድ፣ ሐኪሟ አንገቱን ዳስሳ ጠባሳውን አይታ ስትጨርስ እጇን እያጠበች ጠየቀችው። «እውነቱን ንገረኝ። ተጸጽተህ ታውቃለህ?»

ሙሌ አሰበበት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቶሎ መመለስ አይወድም። ሐኪሟም አላቻኮለችውም፤ እጇን አድርቃ ተቀመጠች።

«ስበላ እጸጸታለሁ» አለ። «ስተኛ አልጸጸትም።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ እሱም በአንድ በኩል ሳቀ። ቀጣዩን ቀጠሮ ጻፈችለት። ወጥቶ አውቶቡስ ያዘ፤ አንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር እያነጠፈ ነበርና፣ ጠዋት ያስቀመጣቸው ንጣፎች ሳይደርቁ ሰው እንዳይረግጣቸው ቸኩሏል።